በቺፑ ውስጥ ያለው ዘበኛ፦ የማህደረ ትውስታ ድራይቨሮችና ዘግይቶ የሚደርሰው ጥገና

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወደሚገኙ የሳምሰንግ ስልኮች በአጭር የጽሑፍ መልእክት አንድ ሊንክ ይላክ ነበር። ሊንኩ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሲጫነው የስልኩ የኢንተርኔት ማሰሻ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አንዳች ሳይታወቀው በርካታ የደኅንነት ክፍተቶች አንዱ ለሌላው በር እየከፈተ አጥቂውን እስከ ስልኩ እምብርት ያደርሱታል። በመጨረሻ የሚተከለው የስለላ ሶፍትዌር ከመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎችና ከማሰሻዎች መረጃ አውጥቶ የመውሰድ ችሎታ ነበረው። ይህን ደርሶበት በማርች 2023 ይፋ ያደረገው የጉግል የስጋት ትንተና ቡድን ነው።

ከእነዚያ ክፍተቶች አንዱ ሲቪኢ-2022-22706 በሚል መለያ የተመዘገበው ሲሆን፣ የተገኘውም በማሊ ድራይቨር ውስጥ ነው። ማሊ የብሪታንያው አርም ኩባንያ የሚነድፈውና በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ቺፕ ውስጥ የሚገኝ የምስል ማቀናበሪያ፣ ማለትም ጂፒዩ ነው። እንከኑ አንድ ተራ መተግበሪያ እንዲያነበው ብቻ በተፈቀደለት የማህደረ ትውስታ ገጽ ላይ እንዲጽፍ ዕድል ይሰጠው ነበር። አርም ጥገናውን ያወጣው በጃንዋሪ 2022 ነው። ጥቃቱ ከ11 ወራት በኋላ ሲታይ ግን የሳምሰንግ የቅርብ ጊዜ ሶፍትዌር ጥገናውን ገና አላካተተም ነበር።

ድራይቨር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ማተሚያ ማሽን ስንገዛ አብሮ ይመጣ የነበረውን ሲዲ ነው። የማህደረ ትውስታ ሃርድዌርን የሚነዳው ድራይቨር የተሸከመው ኃላፊነት ከዚያ እጅግ ይከብዳል። በስልኩ ውስጥ ማን የትኛውን መረጃ ማየት፣ ማን የትኛውን መለወጥ እንደሚችል የሚወሰነው በእርሱ ጥንቃቄ ነው።

አንድ ገጽ፣ ሁለት መዝገብ

በዘመናዊ ስልክ ላይ የሚሠራ መተግበሪያ እውነተኛውን የማህደረ ትውስታ አድራሻ አያውቅም፤ የሚያውቀው ለእርሱ ብቻ የተሰጠውን ምናባዊ አድራሻ ነው። ምናባዊውን ወደ እውነተኛው የሚተረጉመው በቺፑ ውስጥ የሚገኘውና ኤምኤምዩ የሚባለው የማህደረ ትውስታ አስተዳዳሪ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አትላስ የተባለው ኮምፒውተር በ1962 ሥራ ሲጀምር ይህንኑ ዘዴ ይዞ ነበር።

ማህደረ ትውስታው በገጽ በገጽ ይከፋፈላል። የተለመደው የአንድ ገጽ መጠን 4,096 ባይት በመሆኑ 4 ጊጋ ባይት ማህደረ ትውስታ ያለው መጠነኛ ስልክ ከ1 ሚሊዮን በላይ ገጾች አሉት። የትኛው ገጽ የማን እንደሆነ፣ ሊነበብ ብቻ ወይስ ሊጻፍበትም እንደሚችል የሚመዘገብበት ሰነድ የገጽ ሠንጠረዥ ይባላል።

ነገሩን በኮንዶሚኒየም ግቢ ልንመስለው እንችላለን። ቤቶቹ ገጾች ናቸው፤ የነዋሪዎቹ መዝገብ የገጽ ሠንጠረዥ ነው፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ደግሞ ኤምኤምዩ። ዘበኛው ሰው በገባ ቁጥር መዝገብ ቢያገላብጥ በሩ በሰልፍ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ አዘውትረው የሚመላለሱትን በመልክ ይይዛቸዋል። ቺፑም በቅርቡ የተረጎማቸውን አድራሻዎች የሚይዝበት ቲኤልቢ የተባለ ትንሽ ማስታወሻ አለው። ድራይቨር ጸሐፊዎችን እንቅልፍ የሚነሣቸው አብዛኛው ጣጣ የሚመነጨው ከዚህ ማስታወሻ ነው።

ማህደረ ትውስታን የሚነካው ዋናው ፕሮሰሰር ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ዋይፋዩና ጂፒዩውም ፕሮሰሰሩን ሳይጠይቁ በቀጥታ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ለእነርሱም ዘበኛ ካልተመደበ፣ የተበላሸ ወይም የተጠለፈ የዋይፋይ ቺፕ ያሻው ቦታ ሊጽፍ ይችላል። ብዙም የማይወራለት ሌላ ችግርም አለ። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ ጥሬ ምስል ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢይዝ 24 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ይህም ወደ 5,900 የሚጠጉ ተከታታይ ገጾችን ይጠይቃል። ስልኩ ለጥቂት ሰዓታት ከሠራ በኋላ ያን ያህል ያልተቆራረጠ ባዶ ቦታ ማግኘት አዳጋች ነው። የራሱ አድራሻ ተርጓሚ ያለው ካሜራ ግን በየቦታው የተበታተኑትን ገጾች እንደ አንድ ወጥ ቦታ አድርጎ ያያቸዋል።

ስለዚህ ጂፒዩው የራሱን ኤምኤምዩ በውስጡ ይዟል፤ ለሌሎቹ መሣሪያዎችም አይኦኤምኤምዩ የተባለ ተርጓሚ በቺፑ ላይ ይመደባል። አርም የራሱን ኤስኤምኤምዩ፣ አፕል ደግሞ የራሱን ዳርት ብለው ይጠሩታል። ከዚህም የተነሣ ስለ አንድ ገጽ ሁለት መዝገብ ይኖራል፤ አንዱ የፕሮሰሰሩ፣ ሌላው የመሣሪያው። ሁለቱ ዘወትር እንዲስማሙ የማድረግ ግዴታ የተጣለው በከርነሉ፣ ማለትም በሥርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ በሚሠራው ድራይቨር ላይ ነው።

ማስገባት ቀላል፣ ማስወጣት ከባድ

አንድን ገጽ ለመሣሪያ መስጠት ብዙ አያስቸግርም፤ በሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። የሚከብደው ገጹን መልሶ መቀበል ነው። ድራይቨሩ በመጀመሪያ መስመሩን ከሠንጠረዡ ይሰርዛል። ይሁን እንጂ በብዙ የስልክና መሰል አነስተኛ ቺፖች ላይ ፕሮሰሰሩ የጻፈው ነገር ወዲያው ዋናው ማህደረ ትውስታ ላይ ላይደርስ ይችላል፤ በፕሮሰሰሩ መሸጎጫ ውስጥ ይቆያል፤ መሣሪያው ደግሞ ወደዚያ መሸጎጫ አያይም። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ከመሳቢያ ግን አልወጣም። ስለዚህ ድራይቨሩ ስረዛው ከመሸጎጫው ወጥቶ እንዲደርስ ማስገደድ አለበት። ቀጥሎ፣ መሣሪያው በቲኤልቢው የያዘውን አሮጌ ትርጉም እንዲረሳ ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙን ልኮ ወደ ሌላ ሥራ መሄድም አይችልም፤ «ረስቻለሁ» የሚል ምላሽ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ገጹ ለሌላ ባለቤት እንዲሰጥ ወደ ከርነሉ የሚመለሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ የሚሆነውን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተመልሰን እንየው። ተከራዩ ቤቱን ለቋል፤ ስሙም ከመዝገብ ተሰርዟል፤ ዘበኛው ግን በመልክ ስለሚያውቀው አሁንም ያስገባዋል። ቤቱ ውስጥ አዲስ ቤተሰብ ገብቷል።

ተመሳሳይ ጥፋት በድራይቨሩ በራሱ የሒሳብ አያያዝም ሊፈጠር ይችላል። በጊትሃብ የደኅንነት ላቦራቶሪ የሚሠራው ተመራማሪ ማን ዩ ሞ በ2022 በማሊ ድራይቨር ውስጥ ያገኘው ክፍተት ከዚህ ወገን ነበር። ስልኩ የማህደረ ትውስታ እጥረት ሲገጥመው ድራይቨሩ ለጊዜው የማይፈለጉ ገጾችን ይለቅቃል፤ ነገር ግን ወደ ተለቀቀው ስፍራ የሚያመለክት አንድ አሮጌ ምልክት ሳይደመሰስ ይቀር ነበር። ተመራማሪው ይህን ምልክት ይዞ ጠበቀ፤ የተለቀቀው ገጽ እንደገና ሥራ ላይ ሲውል የጂፒዩው የገጽ ሠንጠረዥ ክፍል ሆኖ እንዲመደብ አደረገ። የአንድ ቤት ቁልፍ ሳይሆን መዝገቡ ራሱ እጁ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፒክስል 6 ስልክ ላይ ሙሉ ሥልጣን ለማግኘት የቀረው መንገድ አጭር ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ሁልጊዜ በሥርዓቱ ቢጠብቁ ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መጠበቅ ዋጋ አለው። በሰከንድ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኔትወርክ መልእክቶች በሚያልፉበት መሣሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ገጽ ምላሽ መጠበቅ ፍጥነቱን ይገድለዋል። በዚህ ምክንያት ሊኑክስ ስረዛዎችን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ የሚያጸዳበት አማራጭ አለው፤ የተለመደው የማጠራቀሚያ ጊዜም እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ለሰው ዓይን ይህ ምንም ነው። በሰከንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር ግን 20 ሚሊዮን ምት ነው፤ ለአጥቂ ሰፊ በር ነው። በእኔ አስተያየት ለስልክ የሚመጥነው ጥብቁ ምርጫ ነው፤ ፍጥነት የቀነሰበት ሰው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ አይዘረፍም።

የቺፑ መመሪያ ራሱ ያልተሟላ ሲሆን ደግሞ ሥራው ወደ ምርመራ ይለወጣል። በአፕል ኤም1 ቺፕ ላይ ሊኑክስን ለማስኬድ የተነሡት የአሳሂ ሊኑክስ ገንቢዎች ስለ ሃርድዌሩ የተጻፈ ይፋዊ መመሪያ አልነበራቸውም። ከአፕል ሥርዓተ ክወና ሥር ስስ የሶፍትዌር ንብርብር አስገብተው፣ ሥርዓቱ ወደ ሃርድዌሩ ምን እንደሚጽፍ በመከታተል ነው ብዙውን ነገር የተረዱት። ለዳርት የተጻፈው ድራይቨር በ2021 በወጣው የሊኑክስ ስሪት 5.15 ውስጥ ገብቷል። መመሪያን መደበቅ አጥቂን ያርቃል የሚል ክርክር አለ፤ እኔን አያሳምነኝም። ካስፐርስኪ በዲሴምበር 2023 በዝርዝር እንዳስረዳው፣ «ኦፕሬሽን ትራያንጉሌሽን» የተባለው ዘመቻ አድራጊዎች በይፋ ሰነድ ያልተጠቀሱ፣ የአይፎኑ ሶፍትዌር ራሱ የማይጠቀምባቸው የሃርድዌር አድራሻዎችን ተጠቅመው የቺፑን የማህደረ ትውስታ ጥበቃ አልፈዋል። ሰነዱ ያልነበራቸው ተከላካዮቹ ብቻ ነበሩ።

ብዙዎች አሁን ተስፋ የጣሉት በረስት የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ነው። ሊኑክስ በዲሴምበር 2022 በወጣው ስሪት 6.1 ለረስት በሩን ከፍቷል፤ አሳሂዎችም የጂፒዩ ድራይቨራቸውን በዚሁ ቋንቋ ጽፈዋል። ማን ዩ ሞ ያገኘውን ዓይነት ተረስቶ የቀረ ምልክት የረስት አቀናባሪ ገና ሲጻፍ ሊይዘው ይችላል። የጂፒዩው ቲኤልቢ መጽዳቱን ግን ቋንቋው በራሱ አያውቅም፤ ያንን አሁንም መመሪያውን ያነበበ ሰው ነው የሚያውቀው።

ጥገናው ስልኩ ዘንድ እስኪደርስ

እንከን ሲገኝ አርም ድራይቨሩን ያርማል። የታረመው ድራይቨር ወደ ቺፕ ሠሪው፣ ለምሳሌ ወደ ሚዲያቴክ ወይም ወደ ሳምሰንግ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ስልክ ሠሪው፣ አንዳንዴም ወደ ቴሌኮም ኩባንያው፣ በመጨረሻም «አዘምን» የሚለውን ቁልፍ ወደሚጫነው ባለቤት። በየጣቢያው ይተኛል። የጉግል ፕሮጀክት ዚሮ ቡድን በማሊ ድራይቨር ውስጥ ያገኛቸውን አምስት ክፍተቶች አርም በጁላይና በኦገስት 2022 አርሟቸው ነበር፤ ቡድኑ በኖቬምበር ሲመለከት ግን የሞከራቸው የማሊ ስልኮች ሁሉ ገና ክፍት ነበሩ። የማን ዩ ሞ ግኝት በጁላይ 2022 ተነግሮ ለፒክስል ስልኮች ጥገናው የደረሰው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ፒክስል ደግሞ የአንድሮይድ ባለቤት የጉግል የራሱ ስልክ ነው። በኦክቶበር 2023 አርም ሌላ ክፍተት፣ አሁንም ወደ ተለቀቀ ገጽ መድረስ የሚያስችል፣ በተወሰኑ ሰዎች ላይ ጥቅም ላይ ሳይውል እንዳልቀረ የሚያሳይ ምልክት መኖሩን አስታወቀ።

ጉዳዩ ከእኛ ቤት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዩት የቴክኖና የኢንፊኒክስ ስልኮች፣ እንዲሁም ርካሾቹ የሳምሰንግ ሞዴሎች፣ ብዙዎቹ የማሊ ጂፒዩ ያለው ቺፕ የያዙ ናቸው። ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእናት ለአባት የምንልከው ስልክ አዲስ ሆኖ ሊላክ፣ የማሻሻያ ዘመኑ ግን ያለቀ ሊሆን ይችላል። በብሪታንያ የሚኖሩ ከመግዛታቸው በፊት ማጣራት ይችላሉ፤ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራቾች የደኅንነት ማሻሻያ የሚሰጡበትን አነስተኛ ዘመን እንዲገልጹ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

በእጅ ያለውን ስልክ ለማየት በቅንብሮች ውስጥ «አባውት ፎን» የሚለውን ከፍቶ «ሴኩሪቲ ፓች ሌቭል» የሚለውን ቀን መፈለግ ነው፤ በሳምሰንግ ላይ ከሶፍትዌር መረጃው ሥር ይገኛል። ከዓመቱና ከወሩ ባሻገር ቀኑን ልብ ይሏል። የወሩ 1 ቀን የሚል ከሆነ ስልኩ የዚያን ወር የአንድሮይድ እርማቶች አግኝቷል፤ የቺፕና የከርነል ድራይቨሮች የወሩ እርማት የሚገባው ግን 5 ቀን በሚለው ውስጥ ነው። ኤምሬቶች ውስጥ ጥቅም ላይ የዋለው የማሊ ክፍተት በአንድሮይድ የደኅንነት መግለጫ ላይ የገባው አርም ካረመው ከ17 ወራት በኋላ፣ በጁን 2023 ነው። ስልኩ የሚያሳየው ቀን ከጁን 5 ቀን 2023 በፊት ከሆነና በውስጡ ማሊ ካለ፣ ያ በር እስካሁን ክፍት ሊሆን ስለሚችል የባንክ መተግበሪያውን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወር ይበጃል።