የኢሜይል ቆጠራ ሲዛባ

በኢሜይል ፕሮግራም ላይ «ኢንቦክስ» ከሚለው ቃል አጠገብ የሚቀመጠው ቁጥር ገና ያልተነበቡ መልእክቶችን ብዛት ይናገራል ተብሎ ይታመናል። አንዳንዴ ግን ቁጥሩ 3 እያለ ሳጥኑ ውስጥ አንድም ያልተነበበ ደብዳቤ አይገኝም። ወይም ሁሉም ተነቦ ካለቀ በኋላ ስልኩ ላይ ያለው ቀይ 47 አልነሣም ይላል። ለብዙ ሰው ይህ ከማናደድ ያለፈ ጉዳት የለውም። ባሌ ሮቤ በሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከውጭ አገር የጆርናል አዘጋጅ መልስ ለሚጠብቅ መምህር፣ ዲንሾ ላይ የእንግዶቹን የጉዞ ማረጋገጫ ለሚጠብቅ አስጎብኚ፣ ወይም በሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ሙከራ ውጤት ለሚለዋወጥ ተመራማሪ ግን የተሳሳተ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያከስራል፤ የሌለ መልእክት ያሳስሳል፣ የመጣውን ደግሞ ይሸሽጋል።

ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር መልእክቶቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም። በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ባለበት ሳጥን ይህ ጊዜ ይፈጃልና ድምሩን በአንድ የማውጫ ፋይል ጽፎ ያኖራል፤ መልእክት ሲገባ ይደምራል፣ ሲከፈት ይቀንሳል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የሚያውቅ ሰው ቢን ካርድን ያስታውሳል። በስንዴው ክምር ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ ገቢና ወጪው ይጻፋል እንጂ ጆንያው በየቀኑ አይቆጠርም። አንድ ወጪ ሳይመዘገብ ከቀረ ካርዱና ክምሩ ይለያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ልዩነቱ አብሮ ይቀጥላል። የሚያስተካክለው እንደገና መቁጠር ብቻ ነው። በኢሜይልም ስሕተቱ በአብዛኛው ያለው መዝገቡ ላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ለማጥፋት ብሎ ደብዳቤ መሰረዝ ዋጋ የሌለው፣ አንዳንዴም የሚያስቆጭ ሥራ ነው።

ችግሩን የሚያወሳስበው መዝገቡ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። አንዱ በኢሜይል ሰጪው ሰርቨር ላይ፣ ሌላው በላፕቶፑ፣ ሦስተኛው በስልኩ ላይ ይገኛል። ዛሬ አብዛኛው ፕሮግራም ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት አይማፕ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ክሪስፒን የጀመረው ሲሆን፣ ትልቁ ቁም ነገሩ «ታይቷል» የሚለውን ምልክት ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጡ ነው። ሮቤ ላይ በስልክ የተከፈተ ደብዳቤ ጎባ ቢሮ ባለው ኮምፒውተርም እንደተነበበ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፖፕ የሚባለው ሌላው ስምምነት ግን ይህ ምልክት የለውም። መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፤ መነበብ አለመነበቡን የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ሲገባ በስልክ መስመር ደውሎ ደብዳቤውን አውርዶ መስመሩን መዝጋት ለሚፈልግ ሰው ፖፕ ጥሩ ነበር። ያኔ ስልክም ላፕቶፕም ይዞ አንድ ሳጥን የሚከፍት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ አንድ አድራሻ በስልክ በአይማፕ፣ በቢሮ ኮምፒውተር በፖፕ ተከፍቶ ከተገኘ ሁለቱ ቁጥሮች መቼም አይስማሙም፤ ጥገናውም የቢሮውን አካውንት ወደ አይማፕ መቀየር ነው።

የትኛው ቁጥር እውነተኛ እንደሆነ ለማወቅ አካውንቱን ያለ ፕሮግራሙ፣ በድረ ገጽ መክፈት ይበቃል። በዚያ የሚታየው የሰርቨሩ ቆጠራ ነው። ድረ ገጹ ትክክል ሆኖ ፕሮግራሙ ከተሳሳተ በሽታው መሣሪያው ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ አብዛኛውን ጊዜ ያልተነበበው መልእክት በእርግጥ አለ፤ የተደበቀበትን ቦታ መፈለግ ይቀራል። ይህን ሳያጣሩ ወደ ጥገና የሚገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ከጫኑ በኋላ ያው 3 ተመልሶ ይጠብቃቸዋል።

አንዳንዱ «ስሕተት» ደግሞ ሁለት ፕሮግራሞች ሁለት የተለያየ ነገር ስለሚቆጥሩ የሚፈጠር ነው። ጂሜይል በድረ ገጹ ላይ መልስና መልሰ መልሱን አንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ንግግር ይቆጥራል፤ ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ያንኑ ሳጥን ሲከፍት እያንዳንዱን ደብዳቤ ለየብቻ ይቆጥራል። ጂሜይል ላይ የማስታወቂያና የማኅበራዊ መገናኛ መልእክቶች በየራሳቸው ክፍል እንዲገቡ ከተደረገ፣ ኢንቦክስ አጠገብ የሚታየው ቁጥር የዋናውን ክፍል ብቻ ይይዛል። የጂሜይል መለያዎች ለሌላ ፕሮግራም እንደ ፎልደር ስለሚታዩት አንዱ ደብዳቤ በኢንቦክስም፣ ሁሉን በሚይዘው ፎልደርም ይቆጠራል። አውትሉክ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ፎልደር ያልተነበበውን ወይም ጠቅላላውን ብዛት እንዲያሳይ ማዘዝ የሚቻልበት ምርጫ አለው። ጠቅላላው የተመረጠለት ፎልደር ምንም ቢነበብ ቁጥሩ አይወርድም። የስልክ አዶ ላይ ያለው ምልክትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ባሉ ብዙ ስልኮች ይህ ምልክት ያልተወገዱ ማሳወቂያዎችን ይከተላል እንጂ የሳጥኑን ይዘት አይከተልም። ማሳወቂያውን ከላይ ጎትቶ ሲያስወግዱት ምልክቱም አብሮ ይጠፋል።

በእርግጥ ያለ ግን የማይታይ መልእክትን ለማግኘት ፍለጋን የሚያህል የለም። በጂሜይል የፍለጋ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢዝ»፣ ቀጥሎ ኮለን፣ ቀጥሎ ክፍተት ሳይገባ «አንሪድ» ብሎ ሲጻፍ ያልተነበቡት ሁሉ ይዘረዘራሉ። አውትሉክና ተንደርበርድም ያልተነበበውን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታጠፈ የመልስ ሰንሰለት ሥር የተኛ አንድ ደብዳቤ፣ ወይም በራስ ሰር ደንብ ወደ ሌላ ፎልደር የተወሰደ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ «ተነቧል» ለማሰኘት ሲፈለግ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጂሜይል ያለ ለውጥ በአንድ ገጽ 50 ስለሚያሳይ፣ ላይኛው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ የሚመርጠው እነዚያን 50 ብቻ ነው። ከዝርዝሩ በላይ ብቅ የሚለውን «ከፍለጋው ጋር የሚስማሙትን ሁሉ ምረጥ» የሚል መስመር መጫን ያስፈልጋል።

ከመደበቂያዎቹ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሊጠቀስ የሚገባው የቀን ስሕተት ነው። በኢሜይል ፕሮግራም በተላከ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለውን ቀን የሚጽፈው የላኪው ኮምፒውተር ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል። የባሰው ደግሞ አንድ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ የተወው ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. 2025 መባል ሲገባው 2017 ተብሎ ከተሞላ፣ ከዚያ ኮምፒውተር የሰርቨሩን ምስክር ወረቀት በማያጣራ ግንኙነት የሚላክ ደብዳቤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተጻፈ ይመስላል። ተቀባዩ ዝርዝሩን ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን የሚደረድር ፕሮግራም ከያዘ፣ ዛሬ የደረሰው መልእክት ከሺዎች በታች ይቀበራል። ቁጥሩ 1 ይላል፤ ከላይ ግን አዲስ ነገር የለም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ዓይን ያየው ቦታ ነው የተሳሳተው። ተንደርበርድ ላይ «ቀን» በሚለው ፈንታ «የደረሰበት» በሚለው ዓምድ መደርደር ወዲያው ያወጣዋል። የተቀባዩ ሰዓት ሲሳሳትም ጣጣው አይቀርም። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን የሚያምነው የጊዜ ገደብ ባለው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ወረቀቱ ገና ሥራ ላይ አልዋለም ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል። ቁጥሩም በነበረበት ይደርቃል። ስለዚህ ማንኛውም ጥገና ከኮምፒውተሩ ቀንና ዓመት ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀራል።

እውነተኛው መዛባት የሚመጣው መዝገቦቹ ሳይገናኙ ሲቆዩ ነው፤ የባሌ ደጋ ለዚህ የተመቸ አገር ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ 4377 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱሉ ዲምቱን ተራራ በጎን ትቶ ወደ ሐረና ደን የሚወርድ መንገደኛ ኔትወርክ ሲጠፋበት ቀድሞ የወረዱትን ደብዳቤዎች ከመስመር ውጭ ሆኖ ማንበብ ይችላል። ስልኩ «ተነቧል» የሚለውን ወረፋ አስይዞ ያቆየዋል። ይኸው ሰው ቢሮው ውስጥ ክፍት የተወው ኮምፒውተር በዚያው ሰዓት ደብዳቤ እያዛወረ ከሆነ፣ ስልኩ ወደ ኔትወርክ ሲመለስ ምልክት የሚያደርግበትን መልእክት በነበረበት አያገኘውም፤ ትርፍ ወይም ጎዶሎ አንድ የሚወለደው ያኔ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቆይ ሆነ የሚባለው ይኸው ነገር በትልቁ ነው፤ ውጭ አገር ባለው ሰርቨር ሳጥኑ እየሞላ ስልኩ ግን የሰኔውን ቁጥር ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ቁጥሩ እንዲዛባ መቋረጡ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። አዲስ መልእክት ሲመጣ ወዲያው እንዲነገረው ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር መስመር ከፍቶ ይጠብቃል። መስመሩ መሐል ላይ ሳይታወቅ ከተበጠሰ ዝምታውን «አዲስ ነገር የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል አፖችን ከጀርባ የሚያስተኛ ስልክም እንዲሁ ነው፤ አፑ እስኪከፈት ቁጥሩ ያረጀ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ማውጫውን እየጻፈ መሐል ላይ ይቆማል። ደብዳቤዎቹ ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው ማውጫው ነው።

ጥገናው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት፣ ከዚያ «ላክና ተቀበል» ወይም ማደሻውን መጫን። ካልሆነ አንዱን መልእክት ያልተነበበ አድርጎ መልሶ የተነበበ ማድረግ፤ ይህ ፕሮግራሙን ለዚያ ፎልደር እንደገና እንዲያስብ የሚያስገድደው ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማውጫውን አፍርሶ ማሠራት ነው።

ተንደርበርድ ላይ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሪፔር ፎልደር» የሚለውን መጫን ማውጫውን ከአዲስ ያስጽፈዋል። በአፕል ሜይል «ሜይልቦክስ» ከሚለው ዝርዝር ሥር «ሪቢልድ» አለ። በአውትሉክ የኤክስቼንጅ አካውንት ከሆነ የፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ክሊር ኦፍላይን አይተምስ» የሚለው በመሣሪያው ላይ ያለውን ቅጂ ያጸዳና ከሰርቨሩ እንደገና ያስመጣል። ፋይሉ ራሱ ከተጎዳ ማይክሮሶፍት ከአውትሉክ ጋር የሚሰጠው «ስካንፒኤስቲ» የተባለ መጠገኛ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ከቅንብሮች የአፑን «ስቶሬጅ» ከፍቶ መጀመሪያ «ክሊር ካሽ»ን መሞከር ይቻላል፤ «ክሊር ዳታ» ግን የሚቀጥለው እርምጃ ነው። አይፎን ላይ አካውንቱን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ከመጫን በፊት ሁለት ነገር መታየት አለበት። የመጀመሪያው ወጪው ነው። ማውጫውን እንደገና ማሠራት ማለት ብዙ ጊዜ ሳጥኑን እንደገና ማውረድ ማለት ነው፤ በርካታ ጊጋባይት ያለው ሳጥን በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ከተጠገነ ጥቅሉ በአንድ ምሽት ያልቃል። ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ወይም ግቢ መጠበቁ ይሻላል። ሁለተኛው ከባዱ ነው፦ ሰርቨሩ ላይ የሌለ ነገር አይመለስም። ኔትወርክ እየጠበቀ «አውትቦክስ» ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤ በ«ክሊር ዳታ» ሊጠፋ ይችላል። በፖፕ የወረዱ መልእክቶች ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ አካውንቱን ማውጣት ወይም ፋይሎቹን በእጅ መሰረዝ የዓመታት ደብዳቤ ያስከፍላል። ተንደርበርድ ለእያንዳንዱ ፎልደር ሁለት ፋይል የሚይዝ ሲሆን፣ ስሙ «ኤምኤስኤፍ» በሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚያልቀው ማውጫው ነው፤ ቅጥያ የሌለው ደብዳቤው ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቢጠፋ ፕሮግራሙ መልሶ ይሠራዋል። በፖፕ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ በፖፕ ለሚሠራ ሰው አስቀድሞ የመላውን ፎልደር ቅጂ በፍላሽ መያዝ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚመለስ ከሆነ በሌላ ቦታ ተከፍቶ የተረሳ መሣሪያ መፈለግ ተገቢ ነው፤ አሮጌ ስልክ፣ የቀድሞ ቢሮ ኮምፒውተር፣ ወይም አንድ ጊዜ የተጻፈና መልእክት እየመለሰ «ያልተነበበ» የሚያደርግ ራስ ሰር ደንብ። ጂሜይል በአካውንቱ የደኅንነት ገጽ ላይ የገቡትን መሣሪያዎች ሁሉ ይዘረዝራል፤ የማይታወቀውን ከዚያው ማስወጣት ይቻላል። ድረ ገጹ ራሱ የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይበት አልፎ አልፎ የሚከሰት ሁኔታም አለ። ያኔ የተበላሸው የሰርቨሩ ማውጫ ነውና ተጠቃሚው የሚያደርገው ነገር የለም። አድራሻው የዩኒቨርሲቲ ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ ጉዳዩ ወደ አይሲቲ ክፍሉ ይሄዳል፤ በብዙ ተቋም ሰርቨሮች ላይ የሚሠራው ዶቭኮት የተባለው ሶፍትዌር የአንድን ሳጥን ማውጫ ከአዲስ የሚያስቆጥር ትእዛዝ አለው። ባለሙያው ፎልደሩን፣ የሚታየውን ቁጥር፣ በፍለጋ የተገኘውን ብዛትና ችግሩ የጀመረበትን ቀን አብሮ ከደረሰው ሥራው የደቂቃዎች ነው።