የጥቅምት ሒሳብ

በመንዝ ደጋ በእንስሳት ሕክምና ስዘዋወር፣ በመጋቢትና በሚያዝያ «በጎቼ አለቁብኝ፣ መድኃኒት ስጠኝ» የሚለኝን የ10 እናት በጎች ባለቤት አስቀድሜ የምጠይቀው በጥቅምት ምን ያህል ድርቆሽ እንደ ከመረ ነው፤ የመከራው ሥር ከዚያ ወር እንደሚጀምር ከዕለት ዕለት ሥራዬ ተረድቻለሁና።

30 ኪሎ ገደማ የምትመዝን በግ በቀን 1 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትሻለች። እንግዲህ 10ሩ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት 120 ቀኖች 1200 ኪሎ ይፈጃሉ፤ እኩሌታውን ከግጦሽ ያገኙታል ብንል እንኳ፣ 600 ኪሎ ድርቆሽና ገለባ ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ ተከምሮ ሊቆያቸው ይገባል።

ክምሩ ያለቀ እንደሆነ የተራበችው በግ ለምለም ሣር ወደ ቀረበት ረግረግ ትወርዳለች፤ በዚያም በቀንድ አውጣ ሆድ ያደገው የጉበት ትል እጭ ከሣሩ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃታል። ከሳምንታት በኋላ የዓይኗን ቆብ ገልብጬ ባየሁ ጊዜ ቀይ መሆን የሚገባው ገጽ ነጥቶ፣ ከመንጋጋዋም ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ተንጠልጥሎ አገኛለሁ፤ ወገቧን በመዳፌ ስዳስስ የአከርካሪዋ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትሉን የሚገድል መድኃኒት በእጃችን አለ፤ ነገር ግን በራብ የጠፋውን ሥጋ አይመልስላትም፣ በማግስቱም ወደዚያው ረግረግ ከመውረድ አያግዳትም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳዝነው የእርጉዟ ነገር ነው። በግ 5 ወር ታረግዛለች፤ ጽንሱም አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ስለሆነ፣ በዚያ ወራት በየቀኑ 200 ግራም ያህል ፉርሽካ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቢጨመርላት መልካም ነው፤ የተራበች እናት እንገሯ ያንሳልና፣ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገር ያልጠገበ ግልገል በሽታን የሚቋቋምበትን ኃይል ሳያገኝ ይቀራል። ይሁን እንጂ አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ሲውል የመውለጃውን ወራት ማን ያውቃል? በግንቦት ቢለቀቅ ግልገሎቹ ሣር በተትረፈረፈበት በወርኃ ጥቅምት ይወለዱ ነበር። መስኩ የጋራ ስለሆነ ይህን አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም፤ ጎረቤታሞች በጽዋ ማኅበራቸው ቢመክሩበት እወዳለሁ።

እናንተ የበግ ባለቤቶች፣ ከክምራችሁ ለገበያ ከማውጣታችሁ በፊት በጎቹንና ወራቱን ቁጠሩ፤ መኖው የማይበቃ ከሆነም፣ ያረጁትንና መካኖቹን ሥጋቸው ሳይጎድል፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሳይገባ ሽጡ።