የተያዘ ኮምፒውተር ስለ ራሱ አይመሰክርም

እ.ኤ.አ. በ2014 በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም፣ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ፣ በኢሜይል የመጣ የወርድ ፋይል ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ቆይቷል የሚል ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ከሕግ ክርክሩ ይልቅ ኮምፒውተር ተጠቃሚን ሁሉ ሊያሳስብ የሚገባው አንድ ዝርዝር ነው። በ2013 የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ የፊንስፓይን መረብ ካጋለጠ ከቀናት በኋላ፣ በክሱ መሠረት፣ ፕሮግራሙ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ነበር፤ ማስረጃ የተገኘው ማጥፋቱ ሳይሟላ በቀሩ ፋይሎች ነው። ስለዚህ ምልክት አለመታየቱ ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም። «ንጹሕ ነህ ወይ» ተብሎ የሚጠየቀው ያው የተያዘው ማሽን ከሆነ፣ መልሱን ማመን አይቻልም።

ባክዶር፣ ማለትም የኋላ በር የሚከፍተው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም)፣ ብዙ ጊዜ ሰብሮ አይገባም፤ የሚያስገባው ባለቤቱ ነው። በ2016 እና በ2017 በውጭ ለሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾችና ጋዜጠኞች የቪዲዮ ሊንክ የያዙ ኢሜይሎች ይላኩላቸው ነበር። ሊንኩ ሲከፈት ገጹ ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ ይላል፤ የሚወርደው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሰለያ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ሬጂስትሪ ውስጥ ይመዘገብና ላኪው ወዳዘጋጀው ሰርቨር ራሱ ይደውላል። ፋየርዎል በአብዛኛው የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ ከውስጥ ተነስቶ እንደ ብራውዘር የሚወጣውን ግን ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የሚተየበውን መመዝገብ፣ ማይክ መክፈት፣ ፋይል መላክ ይቻላል። ከሁሉ የከፋው ሌላ ፕሮግራም አውርዶ መጫን መቻሉ ነው።

«አንቲቫይረሱ አግኝቶ አጥፍቶታል» የሚለው መቃወሚያ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አንቲቫይረስ ጥሩ መከላከያ ነው፤ የታወቁ ማልዌሮችን ገና ሳይጫኑ ይይዛል። ከተያዘ ኮምፒውተር ላይ ያገኘውን ሲያጠፋ ግን፣ ያ ፕሮግራም በቆየባቸው ሳምንታት ምን እንዳስገባ አይነግረንም። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያገኘ ማልዌር ፋይሎቹን መደበቅም፣ አንቲቫይረሱ እንዳይፈትሸው ማድረግም ይችላል።

ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ከውጭ የሚጀምር ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ። ጉዳዩ ክስ ወይም ምርመራ ሊያስከትል የሚችል ከሆነ ምንም ሳይነኩ ዲስኩን አውጥቶ ማስቀመጥና አዲስ ማስገባት ይሻላል፤ ማስረጃው እዚያ ነውና። ቀጥሎ በሌላ ጤናማ ኮምፒውተር ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ፍላሽ ላይ አውርዶ፣ የተያዘውን ማሽን በዚያ ፍላሽ አስነስቶ፣ ሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን የዲስኩን ክፍልፋዮች በሙሉ ሰርዞ እንደ አዲስ መጫን። ከአሮጌው የሚመለሱት ፎቶና ሰነዶች ናቸው፤ እነሱም ተፈትሸው። የፕሮግራም መጫኛዎች አይመለሱም። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ፓስወርድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢጸዳም የተሰረቀው ፓስወርድ ሌባው እጅ እንዳለ ነው። ከሌላ መሣሪያ ሆኖ ከኢሜይል በመጀመር ሁሉንም መቀየር፣ የተከፈቱ አካውንቶችን ከሁሉም መሣሪያ ማስወጣት፣ ኢሜይሉ በድብቅ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ ተደርጎ እንደሆነም ቅንብሩን ማየት ያስፈልጋል።

ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2018 ይፋ ያደረገው ሎጃክስ የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ዲስክ ቢቀየርም ይተርፋል። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚቀርበው አደጋ ክራክ፣ ማለትም ፕሮግራምን ያለ ክፍያ የሚያስከፍት መስበሪያ ነው፤ ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድም ይጠይቃል፣ ማለትም ባክዶር የሚመኘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ኮምፒውተር ያጸዳ ሰው በማግስቱ ዊንዶውሱን በክራክ ቢያነቃ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ለዋጋ ሲባል ነው ለሚለው መልስ አለ፦ ዊንዶውስ 11 ቁልፍ ሳይገባበትም ይጫናል። የሚከለክለው በዋናነት የገጽታ ማስተካከያዎችን ነው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይም ማሳሰቢያ ያሳያል፤ የደኅንነት ማደሻው ግን ይደርሰዋል።