የመቆጣጠሪያ ቫልቮች ወቅታዊ ጥገና ለፋብሪካዎች ደህንነትና ምርታማነት

በስኳር፣ በቢራ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኬሚካልና በኃይል ማመንጫ ተቋማት የእንፋሎትን፣ የውሃንና የነዳጅን ፍሰት በሚፈለገው መጠን ከሚመጥኑት መሣሪያዎች መካከል የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ዋነኛው ነው። ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃም ሆነ ወደ ማብሰያ ጋን የሚሄደው እንፋሎት በዚህ መሣሪያ በኩል ያልፋል። የቫልቩ ዋጋ ከተተከለበት ፋብሪካ ጠቅላላ ወጪ አንጻር አነስተኛ ቢሆንም፣ በብልሽቱ ሳቢያ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከዋጋው ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ከተራ የቧንቧ መዝጊያ የሚለየው ትዕዛዝ ተቀብሎ በከፊል ጭምር ለመከፈትና ለመዘጋት በመቻሉ ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍል የሚላከው ትዕዛዝ በአብዛኛው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። በቫልቩ ላይ የተገጠመው ፖዚሽነር ምልክቱን ወደ አየር ግፊት ይለውጠዋል። የአየር ግፊቱም ዲያፍራሙን ከስፕሪንጉ ኃይል በተቃራኒ በመግፋት ዘንጉን ያንቀሳቅሳል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው መዝጊያም ወደ መቀመጫው ይቀርባል ወይም ከመቀመጫው ይርቃል።

አየር ቢቋረጥ ስፕሪንጉ ቫልቩን አስቀድሞ ወደተወሰነለት ቦታ ይመልሰዋል። የነዳጅ ቫልቭ እንዲዘጋ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ ቫልቭ ደግሞ እንዲከፈት ሆኖ መሠራቱ የተለመደ ነው። ስለሆነም ቫልቩን ፈትቶ በተሳሳተ አኳኋን መግጠም ከቴክኒክ ጉድለት አልፎ የፋብሪካውን የአደጋ መከላከያ ሥርዓት እንደማፍረስ የሚቆጠር ነው።

የቫልቭ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ የሚመጣ በመሆኑ በቀላሉ አይስተዋልም። በዘንጉ ዙሪያ የሚደረገው ፓኪንግ የተሰኘው ማሸጊያ ሲያረጅ እንፋሎት ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን ለማስቆም ቡሎኑ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ዘንጉ ይያዛል። የተያዘ ዘንግ ትዕዛዝ ሲደርሰው ለጊዜው ሳይንቀሳቀስ ይቆይና በኋላ ከሚፈለገው አልፎ ይዘላል፤ በዚህም ሙቀቱ ወይም ግፊቱ ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራል። ኦፕሬተሩም አውቶማቲክ ቁጥጥሩን ትቶ በእጅ ወደ መሥራት ያዘነብላል። መቀመጫው የተበላ ቫልቭ በበኩሉ ተዘግቶም ቢሆን እንፋሎት ያሳልፋል። በእነዚህ ችግሮች ፋብሪካው ሥራውን ባያቆምም፣ ጉዳቱ በነዳጅ ፍጆታ መጨመርና በምርት ጥራት መጓደል ይገለጻል።

ጥቃቅን የሚመስሉ የቫልቭ ችግሮች ሲደራረቡ ምን ሊያስከትሉ እንደሚችሉ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የደረሰው አደጋ በግልጽ ያሳያል። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የሁለተኛው ዩኒት የውሃ መጋቢ ፓምፖች ቆሙ። ግፊቱ በመጨመሩም የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ። ግፊቱ ሲቀንስ ግን ቫልቩ እንደተከፈተ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበረው መብራት የሚያመለክተው የመዝጊያ ትዕዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። በመሆኑም ኦፕሬተሮቹ ቫልቩ እንደተዘጋ አመኑ።

ከቫልቩ በኋላ ያለው ቧንቧ መጋሉ ስህተቱን ሊያጋልጥ ይችል ነበር። ይሁንና ቀደም ሲል ጀምሮ ሳይጠገን የቆየ የቫልቭ ማሾለክ ስለነበረ ኦፕሬተሮቹ የቧንቧውን ከፍተኛ ሙቀት እንደ ወትሮው አድርገው ተመለከቱት። በተጨማሪም ከሁለት ቀናት በፊት ከተካሄደ ፍተሻ ጋር በተያያዘ ክፍት መሆን የነበረባቸው ሁለት የመጠባበቂያ ውሃ ቫልቮች ተዘግተው ተገኝተዋል። የአንደኛውን ጠቋሚ መብራት ደግሞ የጥገና ምልክት ወረቀት ሸፍኖት ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ማቀዝቀዣ ውሃ በተከፈተው ቫልቭ ሲወጣ ከቆየ በኋላ መስመሩ በሌላ ቫልቭ ቢዘጋም፣ ግማሽ ያህሉ የሪአክተሩ እምብርት ቀልጧል። ዩኒቱ ዳግም ሥራ አልጀመረም፤ የማጽዳቱ ሥራም ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ጠይቋል።

ከዚህ አደጋ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም ፋብሪካ የሚሠራ ነው። የተላከ ትዕዛዝ የተፈጸመ ሥራ ማረጋገጫ አይደለም። የቫልቭ ጥገናም ፍሳሽን ከማስቆም ባለፈ የቫልቩን ትክክለኛ አቋም በመለካትና በመመዝገብ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ትክክለኛ ጥገና የሚጀምረው ቫልቩን ከመስመሩ በመለየት ነው። ከፊትና ከኋላ ያሉት መዝጊያዎች ይቆለፋሉ፤ ግፊቱ ይተነፍሳል፤ በውስጡ የቀረው ፈሳሽም ይወገዳል። የታመቀው ስፕሪንግ በሚፈታበት ጊዜ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይላላል። ከዚያም መዝጊያው፣ መቀመጫውና ዘንጉ ይመረመራሉ፤ ማሸጊያው፣ ጋስኬቱና ያረጀው ዲያፍራም ይለወጣሉ።

ቫልቩ ከተገጠመ በኋላ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሚሊ አምፒር ምልክት በየተራ ይሰጠዋል። ትዕዛዙ ሲጨምር ቫልቩ የሚከፈት ከሆነ በቅደም ተከተል 0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ መከፈት ይጠበቅበታል። ምልክቱ እየጨመረም እየቀነሰም ሲሄድ ውጤቱ ይመዘገባል። በሁለቱ አቅጣጫዎች የሚታየው ልዩነት የዘንጉን መያዝ ወይም የፖዚሽነሩን መዛባት ይጠቁማል። አየሩን በማቋረጥም ቫልቩ ወደተወሰነለት የደህንነት ቦታ መመለሱ ይረጋገጣል። በመጨረሻም የተቆለፉት መዝጊያዎች ወደ ነበሩበት መመለሳቸውና የምልክት ወረቀቶች መነሳታቸው በፊርማ ይረጋገጣል።

የአየር ጥራትም ሊዘነጋ አይገባም። ከኮምፕረሰር የሚመጣ ውሃና ዘይት የፖዚሽነሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። የዓለም አቀፉ የአውቶሜሽን ማኅበር ደረጃ ለመሣሪያዎች በሚቀርብ አየር ውስጥ የሚገኝ ብናኝ ከ40 ማይክሮን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ማጣሪያውንና ማድረቂያውን በየጊዜው መንከባከብ በርካታ ቫልቮችን በአንድ ጊዜ ከብልሽት ይታደጋል።

የጥገናው ውጤታማነት በቴክኒሻኑ ሙያ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የኃላፊዎችን የዕቅድና የግዥ ውሳኔም ይጠይቃል። በአገራችን ስኳር ፋብሪካዎች አገዳ መፍጨት አቁመው ዓመታዊ ጥገና የሚያካሂዱት በክረምት ወራት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረውም ሐምሌ 1 ቀን ነው። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ፣ በጨረታና በማጓጓዝ ሂደት ወራት ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም የአዲሱን ዓመት በጀት ጠብቆ የሚታዘዝ ዕቃ ለዚያው ክረምት ጥገና አይደርስም። የቫልቮቹ ይዞታ ፋብሪካው በሥራ ላይ እያለ ተለክቶ የመለዋወጫው ዝርዝር ቀደም ባለው የበጀት ዓመት መጽደቅ ይኖርበታል።

በግዥ ሰነዱም የቫልቩ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ የግፊት ደረጃና የተሠራበት ብረት ከነመግለጫው መስፈር አለበት። «ቫልቭ፣ ብዛት 10» በሚል ብቻ የሚወጣ ጨረታ በዋጋ ዝቅተኛ የሆነውን እንጂ የሚገጥመውን ዕቃ አያስገኝም።

የሥራ ኃላፊዎች የጥገና ሪፖርት ሲቀርብላቸው የተለወጠውን ዕቃ ብዛት ከማየት ባሻገር ሊያነሷቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ቫልቮቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው? ውጤቱ የት ተመዝግቧል? ከአውቶማቲክ ቁጥጥር ወጥተው በእጅ የሚሠሩትስ ስንት ናቸው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰነድ የተደገፈ መልስ ያለው ተቋም የጥገና በጀቱን በአግባቡ ከማዋሉም በላይ ድንገተኛ የምርት መቋረጥንና በሠራተኞች ላይ ሊደርስ የሚችል አደጋን ለመቀነስ ያስችለዋል።