ዲስክ የሚያጣብበው የማይታይ ፋይል



«የኮምፒውተራችን ዲስክ ሞላ፤ ምን እናጥፋ?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቻችንም ከወላጆቻቸውም ደጋግሞ ይቀርብልናል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥያቄው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው። የሠርግ ፎቶው፣ የቁርኣን ቂርኣት ቅጂው፣ ለፈተና የተሰበሰበው ጥያቄ ተሰርዟል። አንዳንዱም «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ተብሎ ያለውን ሁሉ አጥቶ ይመለሳል።

እኛ የመቐለ ሰዎች የዚህን ጉዳት ክብደት ከማንም በላይ እናውቃለን። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። ትምህርት ቤትም ተዘግቶ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የጠፋን መጽሐፍ ከኢንተርኔት መልሶ ማውረድ አይታሰብም ነበር። ያለን በዲስካችን ላይ የተቀመጠው ብቻ ነበር። የቤተሰብ ዲስክ የቤተሰብ መዝገብ ቤት ነውና ከመሰረዛችን በፊት ቦታውን የያዘው ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

ፋይሉ ምንድን ነው?

በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒውተር ሲ በሚባለው ዲስክ ላይ «ሃይበርፊል ዶት ሲስ» የሚባል ፋይል ይገኛል። ዊንዶውስ ራሱ ስለሚደብቀው ፎልደር ከፍተን ብናይ አናገኘውም። ሥራው ግን ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ «ሃይበርኔት» ሲደረግ በራም (በጊዜያዊው ማስታወሻ) ላይ ያለውን ሁሉ ወደዚህ ፋይል ገልብጦ ይጠፋል። ሲበራም ከዚያው አንሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ለዚህም ሲባል ቦታው አስቀድሞ ይያዛል። በዊንዶውስ 7 የራሙን 75 ከመቶ፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ በተለምዶ 40 ከመቶ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ 8 ጊጋ ባይት ራም ባለው ኮምፒውተር በዊንዶውስ 7 ወደ 6፣ በዊንዶውስ 10 ወደ 3.2 ጊጋ ባይት ይሆናል። እያንዳንዱ 3 ሜጋ ባይት ቢሆን ይህ ከ1,000 በላይ ፎቶ የሚይዝ ቦታ ነው። ባለ 128 ጊጋ ባይት ዲስክ ለሚጠቀም ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ስንት እንደያዘ ለማየት በዊንዶውስ 10 «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ» ግቡ። በዝርዝሩ ውስጥ «ሲስተም ኤንድ ሪዘርቭድ» የሚለውን ስትከፍቱ መጠኑ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

መልሱ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ይለያያል።

ላፕቶፕ ከሆነ፣ በተለይ መብራት በሚሄድበት ከተማ፣ ይቆይ እንላለን። መብራት ሄዶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ዊንዶውስ በተለምዶ ያልተቀመጠውን ሥራ በዚህ ፋይል ላይ አኑሮ ይጠፋል። ፋይሉ ከሌለ ተማሪው ሌሊቱን የጻፈው ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው አርጅቶ በድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ ግን ይህን ጥቅም አያገኝም።

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪ ስለሌለው መብራት በሄደበት ቅጽበት ይጠፋል፤ ለመገልበጥ ጊዜ አያገኝም። እንዲህ ላለው ፋይሉን ማስወገድ ብዙ አይጎዳም። ሆኖም «ስሊፕ» አድርጋችሁ የምትተዉት ከሆነ ልማዱን ቀይሩ፤ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ፈጽማችሁ አጥፉት። ኮምፒውተሩም ሲነሣ ከበፊቱ ጥቂት ሊዘገይ እንደሚችል እወቁ፤ ፈጣን አነሣሡም በዚሁ ፋይል ላይ የተመሠረተ ነውና።

እንዴት ይወገዳል?

ፋይሉን በእጅ ለመሰረዝ አትድከሙ፤ ዊንዶውስ አይፈቅድም። በመፈለጊያው ላይ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ብላችሁ ፈልጉና በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ራን አስ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። ክፍት ቦታ ትታችሁ ስላሽና ኤች፣ እንደገና ክፍት ቦታ ትታችሁ ኦ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ጻፉና «ኢንተር» ተጫኑ። ምንም መልእክት ካልመጣ ተሳክቷል ማለት ነው። መመለስ ብትፈልጉ በመጨረሻው ቃል ፋንታ ኦ፣ ኤን ብላችሁ ጻፉ።

ሌሎቹስ?

ከጎኑ «ፔጅፋይል ዶት ሲስ» የሚባል ሌላ ፋይል አለ። ራም ሲሞላ ትርፉን የሚሸከመው እርሱ ስለሆነ አትንኩት። «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባለው ፎልደር ግን ከአዲስ ዊንዶውስ ጭነት የተረፈ አሮጌ ዊንዶውስ ነው። አዲሱ በደንብ መሥራቱንና የራሳችሁ ፋይል በውስጡ አለመቅረቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ እዚያው «ስቶሬጅ» ውስጥ ባለው «ቴምፖራሪ ፋይልስ» በኩል ማስወገድ ይቻላል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል መስመር ብታዩ ግን ምልክት አታድርጉበት፤ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን መጽሐፍና ትምህርት ሁሉ ይዞባችሁ ይሄዳል።

ወጣቶች ሆይ! በቤታችሁ ኮምፒውተር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እናትና አባት «ቦታ የለም» ሲሏችሁ ቸኩላችሁ ፎቷቸውን አትሰርዙ። በመጀመሪያ የቤተሰቡን ፋይል ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ከዚያ ቦታውን የያዘውን ለዩ፤ በመጨረሻም የማያስፈልገውን ብቻ አንሡ።