ቡግና፦ የላስታ ወንበርና የመራጮቹ ታሪክ

ላሊበላን ለመሳለም ወይም ለመጎብኘት የሚመጣ ሰው አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ይህ አገር ለፓርላማ ማንን ሲልክ እንደኖረ የሚጠይቅ ግን ብዙም አያጋጥምም። መጠየቅ ነበረበት እላለሁ። ከላስታ ተራሮች ወደ አዲስ አበባ የሄደው ወንበር ታሪክ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ በአገሩ ጉዳይ ምን ያህል ድምፅ እንደነበረው ከብዙ ሰነድ በተሻለ ያሳያል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች አሉት፤ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። አንዱ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ይልካል፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። ላሊበላ የምትገኝበት አካባቢ በምርጫ የሚታወቀው በቡግና ስም ነው። ዛሬ ቡግና ሲባል ሰው የሚያስበው አይናን ነው፤ ቀድሞ ግን ላሊበላም፣ አሁን ላስታ ወረዳ የሚባለውም በዚያው በቡግና ወረዳ ውስጥ ነበሩ። በስተምሥራቅ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚቆመው አቡነ ዮሴፍ፣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ፣ በመካከል ገደልና ሸንተረር ነው። መኪና በማይደርስባቸው ቀበሌዎች የድምፅ መስጫ ሣጥኑና ወረቀቱ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ይጓዛል።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲቋቋም የላስታ ገበሬ አልተጠየቀም። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ እንደራሴዎችን መኳንንቱና የአገሩ ሹሞች እንዲመርጡ ተደነገገ። ያ "እስኪደርስ ድረስ" ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አገሪቱን 200,000 ያህል ሰው በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ሰጠ፤ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫም በ1950 መባቻ ተካሄደ። ፓርቲ የለም። ተወዳዳሪው በወረዳው ነዋሪና ባለንብረት መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ መሬት የሌለው ጭሰኛ መምረጥ ቢችልም መመረጥ አልቻለም።

በአራት በአራት ዓመቱ የተካሄደው ያ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሰኔ 1965 ነው። ላስታ ያለበት ወሎ በዚያ ዓመት በረሃብ ያልቅ ነበር። እህል ያጣ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ሲወርድ፣ በዚያው ክረምት ካርድ ተቆጥሮ እንደራሴ ተልኳል። ምክር ቤቱ ለአራት ዓመት ተመርጦ በዓመቱ አብዮቱ ዘጋው። ለእኔ ከዚህ ወንበር ታሪክ ይህን ያህል የሚያሳዝን የለም።

ደርግ በሰኔ 1979 ለ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ ወንበሮች ምርጫ ጠራ። እጩዎቹን ያቀረቡት ገዢው ፓርቲ ኢሠፓና የብዙኃን ድርጅቶች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ከላስታ በስተሰሜን ባለው በዋግ በረሃ ሌላ ኃይል እያደገ ነበር። በኅዳር 1973 የተመሠረተው ኢሕዴን ትጥቅ ትግሉን ያካሄደው በዋግና በላስታ ሸለቆዎች ነው። በ1986 ስሙን ብአዴን አለ፤ በ1987 በመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ፣ በ1992ም በሁለተኛው፣ ክልሉን የያዘው እሱ ነው። ቡግናም ለብአዴን የውጭ አገር አልነበረም፤ ታጋዮቹን ያበላ፣ ልጆቹን የሰጠ አገር ነው። የ1997ን ውጤት ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 በቡግና የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የቅንጅት እጩ ሆኖ የቀረበው የአካባቢው ተወላጅ ሊደቱ አያሌው ነበር። ከኢዴፓ-መድኅን መሪዎች አንዱ ነበር፤ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ይተላለፉ በነበሩት ክርክሮች ስሙ አገር ያወቀው ሆኖ ነበር። ወረቀቱ ላይ ብአዴን አባል የሆነበት ገዢው ኢሕአዴግ በንብ፣ ቅንጅት በሁለት ጣት ይታወቁ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረ መራጭ ሥዕሉን አይቶ ምልክቱን ያደርጋል። ላስታ የማር አገር ነው፤ ንብ ለገዢው ፓርቲ እዚህ ከየትም የተሻለ ምልክት ይሆናል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ፣ ታዛቢዎች ባሉበት፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ እየተገለጠ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ተፈርሞ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ሲደመር ሊደቱ አሸነፈ። የገዢው ግንባር አባል ድርጅት ካደገበት ምድር ለተቃዋሚ ወንበር ተገኘ። በአገር ደረጃ ቅንጅት 109፣ ኢሕአዴግ 327 ወንበር እንዳገኙ የምርጫ ቦርዱ አስታወቀ፤ ቀጥሎ የመጣውን ክርክር፣ ግድያና እስር የማያውቅ የለም።

ሊደቱ ወንበሩን ያዘ፤ ፓርላማ መግባትና አለመግባት፣ መዋሐድና አለመዋሐድ ቅንጅትን ሲከፋፍሉት እሱም በዚያ ክርክር ውስጥ ስሙ ተነሣ፣ ተወቀሰ። የቡግና መራጭ ግን በአዲስ አበባ ስላለው የፓርቲ ጠብ አልተጠየቀም። ለእኔ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ላስታ የላከው ሰው በምክር ቤቱ ከአስፈጻሚው ጋር የሚከራከር ሆነ።

ሊደቱ በግንቦት 2002 በዚያው በቡግና ተወዳድሮ ተሸነፈ። በዚያ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 የቀሩትን ሁለቱን ጨምረው 547ቱንም ያዙ። ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀበት ምርጫ ስለ አንድ ወንበር የሚጻፍ ብዙ የለም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ክልሉ እንደገና ድምፅ ሰጠ። አሁን ገዢው ብልጽግና ነበር፤ ተቃዋሚው አብንም በክልሉ በብርቱ ተወዳድሮ በምክር ቤቱ አምስት ወንበር አገኘ። ካርዱ ከተቆጠረ ስድስት ሳምንት ሲሆነው፣ ሐምሌ 29 ቀን በሰሜኑ ጦርነት የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ከተማዋ ለወራት መብራትና ስልክ አጥታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። በሐምሌ 2015 መጨረሻም በፋኖና በመከላከያ መካከል በተነሣው ውጊያ አውሮፕላን ማረፊያው ሥራ አቆመ። አስጎብኚው፣ ባለሆቴሉ፣ ባለበቅሎው ገቢ ያጡበትን ጉዳይ በምክር ቤት የሚያነሣላቸው ያ አንድ ወንበር ነው።

የምርጫ ክልሉ ድንበር እንዴት እንደተሠመረም መታወቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ እንዲቆጠር፣ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤት እንዲወሰኑ ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ከቡግና ላስታ ወረዳ ተከፍሏል፣ ላሊበላ ራሷን የቻለች ከተማ አስተዳደር ሆናለች፣ የወረዳዎቹ አስተዳደር ካርታ ተቀይሯል፤ ለፓርላማ የሚመርጠው ካርታ ግን የ547ቱ ወንበር ሲደለደል የተሠመረው ነው።