ልጆችን ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ልማድ ስለ ማላቀቅ

ቀድሞ ትንባሆ የሚያጨስ ልጅ ቢኖር ሽታው ራሱ ይመሰክርበት ነበር። ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግን አመድም ክብሪትም የሌለው፤ መዓዛው የፍሬና የከረሜላ ስለ ሆነ፤ በተማሪ ኪስ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ብዙ ወላጅ ምንነቱን ሳያውቅ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥቂት ነገር ማስታወቅ እንወዳለን።

መሣሪያው በውስጡ ያለውን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ኀይል አሙቆ ወደ ሳንባ የሚሳብ ተን ያደርገዋል። በፈሳሹም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን በልማድ የሚያስረው ኒኮቲን አለበት። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ በማደግ ላይ ስለሚገኝ፤ ኒኮቲን የወጣቱን ትኩረትና የትምህርት አቀባበል ይጎዳል።

በአሜሪካ አገር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ከ5 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ይህን መሣሪያ ይጠቀሙ እንደ ነበር የመንግሥቱ ጥናት ገልጿል፤ በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ አለ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመሣሪያውን ንግድ ከልክሏል። ነገር ግን አዋጅ ደጁን ይዘጋል እንጂ፤ አስቀድሞ በልማድ የተያዘውን ልጅ መርዳት የወላጅ ፈንታ ነው።

ቁጣና ዱላ ልማዱን ይሰውሩታል እንጂ አያስተዉትም። ስለዚህ መቼና ከማን ጋራ እንደሚያጨስ በቀስታ ጠይቆ መስማት፤ ከዚያም የሚተውበትን ቀን ራሱ እንዲቈርጥ ማድረግና በዚያ ቀን መሣሪያውን ከነፈሳሹ ከቤት ማስወገድ ይገባል።

ከተወም በኋላ ልጁ ይቈጣል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ አሳቡ ይበተናል። ይህ ሁሉ ኒኮቲን ሲቀር የሚመጣ ሕመም ነውና፤ ወላጅ እንደ ድፍረት ቈጥሮ እንዳይቀጣበት አደራ እንላለን። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይበረታል፤ በጥቂት ሳምንቶችም ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። አምሮቱ ሲነሣበት ውኃ መጠጣት፤ በእግር መንሸራሸር፤ ከወዳጅ ጋራ መጫወት ይረዳዋል፤ አምሮት በጥቂት ደቂቃ ያልፋልና። ቢብስበት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ተመልሶ ቢያጨስም ድካሙ ሁሉ ከንቱ አልሆነም፤ ብዙ ሰዎች የሚተዉት ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ነው።

አባትም ራሱ ሲጋራ እያጨሰ ልጁን ቢመክር፤ ምክሩ ከጢሱ ጋራ ይበተናል። እንዲህ ያለው አባት ከልጁ ጋራ በአንድ ቀን ቢተው፤ ከተግሣጽ ሁሉ የበለጠ ረዳው ማለት ነው።